ከሳጥኑ መስኮት በታች

ማለዳ ወፍጮ ቤት ስደርስ ሞተሩ ገና አልተነሣም። ወፍጮኛው የግራሶ ቆርቆሮውን ከፍቶ በጣቱ እየጠነቆለ ብረቱን ይቀባል። ቀና ብሎ አየኝና፣ «እትዬ እናኑ፣ ትናንት አስፈጭተው አልነበር?» አለኝ። አስፈጭቻለሁ። ከትናንት ወዲያም አስፈጭቻለሁ። ዛሬ የያዝኩት አንድ ቁና በቆሎ ነው። ለዶሮ ነው አልኩት። እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ትልቁ ልጄ ደሳለኝ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተከል ቆላ ከወረደ ዐሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። እንደደረስኩ እደውላለሁ ብሎ ነበር። አልደወለም። ስደውልለት ስልኩ አይጠራም፤ እዚያ ኔትወርክ የለም ይላሉ። ስለ እሱ አልጽፍም፤ ምን ብዬ እጽፋለሁ፣ የማውቀው ነገር የለም። የምጽፈው የግራሶውና የትኩሱ ዱቄት ሽታ ስላስታወሰኝ ሳጥን ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ እንደማወራው አድርጌ እጽፋለሁ።

ጊዜው የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዳንግላ ውስጥ ቴሌቪዥን ያየ ሰው አልነበረም፤ ራዲዮ ያለውም በጣት የሚቆጠር ነው። በዚያ ዓመት ለከተማው አዲስ ወፍጮ መጣ። ሞተሩ ታሽጎ የመጣበት የእንጨት ሳጥን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተጥሎ ልጆች ሲዘሉበት ሰነበቱ። ትልቅ ሳጥን ነው፣ ቁጢጥ ያለ አራት ሰው ይይዛል። ውስጡ ግራሶ ግራሶ ይሸታል። በኋላ ዱቄት ሲበንበት የዱቄትም ሽታ ጨመረ።

መምህራችን፣ መምህር ፍሥሐ፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድበው የመጡ ወጣት ነበሩ። አንድ ክረምት አዲስ አበባ ሲቀመጡ በአንድ ሱቅ መስኮት ቴሌቪዥን አይተዋል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የላቸውም። ክፍል ውስጥ ጠመኔያቸውን እያሽከረከሩ፣ ሳጥን ነው፣ ፊቱ መስተዋት ነው፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው እዚያ ውስጥ ፊቱ ይታያል፣ ሲናገር ይሰማል ብለው አስረዱን። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እግሩስ ብላ ጠየቀች። እግሩ አይታይም አሉ፣ እስከ ደረቱ ነው። ይኼ ነገር አስጨነቀኝ። እግር የሌላቸው ሰዎች እንዴት ገበያ ይሄዳሉ እያልኩ አስብ ነበር።

መምህሩ ሳጥኑን ለምነው ወሰዱት። በጋሪ ተጭኖ ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ደረሰ። በፊቱ በኩል መስኮት ቀደዱለት፣ ማዕዘኑን በመሮ አድቦለቦሉት፤ ቴሌቪዥን ማዕዘኑ ሹል አይደለም አሉ። ከጎኑ ሁለት ቆርኪ በምስማር መቱበት፣ መክፈቻና መዝጊያ ነው። አናቱ ላይ ሁለት የጃንጥላ ሽቦ ሰኩ። መስኮቱ ላይ አቡጀዲ ጋረዱበት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ሲሰበሰብ መምህሩ ወጥተው ቆርኪውን ይጠመዝዛሉ፣ አቡጀዲው ይገፈፋል፣ ከዚያ ማዶ ይጀመራል።

ማዶ የከተማዋ ስም ነው። የት እንዳለች አልተነገረም፤ ማዶ ናት፣ በቃ። ማዶ ውስጥ አንድ ዳኛ አሉ፣ በግራ ጆሯቸው አይሰሙም። ስለዚህ ከሳሽና ተከሳሽ ሁልጊዜ በቀኛቸው ለመቆም ይጋፋሉ፣ ቀድሞ ቀኙን የያዘ ይረታል። ዳኛው ራሳቸው መምህር ፍሥሐ ናቸው፤ ከላይ ካኪ ኮት ከነቁልፉ፣ ከታች ቁምጣና ባዶ እግር። ስልከኛ አለች፣ የሰው ስልክ ሰምታ በመስኮት ለመንገደኛ የምትለፍፍ። እሷን የምትሆነው እቴ አስናቁ ነበረች፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዳቦ የምትሸጥ ሴት። ማንበብ አታውቅም፣ መምህሩ ያስጠኗታል፣ እሷ ከራሷ ሦስት እጥፍ ትጨምራለች። ጋሪ ነጂው ደግሞ አያ ቢተው ነው። አያ ቢተውን የሚሆነው አዲሱን ወፍጮ የሚያንቀሳቅሰው አያ ስማቸው ነበር፤ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አለ፣ ሳይታጠብ ስለሚገባ ሽማግሌ ይመስላል።

ሰው ሁሉ የሚወደው አያ ቢተውን ነው። ቦራ የሚባል ፈረስ አለው። ቦራ ጽሕፈት ቤት ወዳለበት ሠፈር አልሄድም ይላል። አያ ቢተው ባለጉዳይ ጭኖ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆምና ወደ ጎን ዞሮ ቦራን ይለምነዋል፣ ይመክረዋል፣ አንዳንዴም ይቅርታ ይጠይቀዋል። ቦራ አይታይም፣ ሳጥኑ ውስጥ አይገባማ። የሚሰማው የአንገቱ ቃጭል፣ ሻኩራው ነው። ዳኛ ባልሆኑበት ጊዜ መምህሩ ታች ቁጢጥ ብለው ሻኩራውን ያቃጭሉታል፣ ሕዝቡም ይኼኔ ቦራ እንቢ አለ፣ ይኼኔ ቦራ ተስማማ ይላል። ሻኩራው የኛ ነበር። አባቴ ለበቅሎው አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ቤት ጥሎት ነበርና እኔ ነኝ ወስጄ ለመምህሩ የሰጠኋቸው።

አንድ ሽማግሌ መጀመሪያ ቀን ተነሥተው ዱላቸውን ይዘው ወደ ሳጥኑ ጀርባ ዞሩ። ቆዩ። ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለው ምን አዩ ቢላቸው፣ ሰዎች ተጨናንቀው አየሁ አሉ። ታዲያስ ቢላቸው፣ «ታዲያማ በፊት ለፊቱ ይሻላል» አሉና ማየታቸውን ቀጠሉ።

እኔ የአያ ቢተው ልጅ ነበርኩ። የተመረጥኩት በችሎታ አይደለም፣ አግዳሚው ላይ ስቆም አገጬ ልክ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ስለሚደርስ ነው። ማዶ ላይ እናት የለኝም፣ አባቴ ከሥራ ሲመለስ፣ አባባ መጣህ፣ ቦራስ በላ ማለት ብቻ ነው ሥራዬ። ይኼን ለማለት ራሱ አንዱን እግሬን በሌላው እረግጥ ነበር። ደግነቱ እግር አይታይም።

አሁን ስለ እውነተኛው አባቴ ልናገር። አባቴ በቅሎ ጭኖ የሚነግድ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት የኅዳር ሚካኤል ማግስት በሁለት በቅሎ በርበሬ ጭኖ ወደ መተከል ቆላ ወረደ፣ ጥጥ ይዞ ሊመለስ። ለጥምቀት እደርሳለሁ ብሎ ነበር። ጥምቀት መጣ፣ ታቦት ወጣ፣ ገባ። አባቴ አልመጣም። ቆላ ንዳድ የሚባለው ወባ አለ፣ የወረደ ሰው ሁሉ አይመለስም፤ ይኼን ልጅም ያውቃል።

እናቴ አንድ ነገር ብቻ ለወጠች። ማለዳ ገና ወፍ ሳይንጫጫ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ መውረድ ጀመረች። ድሮ የቤቱን ጀርባ ፀሐይ ሲመታው ነበር የምትወርደው። ስትመለስ ረፍዷል። እኔ የማለዳ ውሃ ይጣፍጣታል ብዬ ነበር የማስበው። ሳድግ ነው የገባኝ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሎች ሦስትም አራትም ሆነው ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይመጡና ደጅ ይቆማሉ። ቤት ውስጥ የሌለን ሰው ማርዳት አይቻልም። ምንጩ ድረስ ተከትሎ፣ እንስራ ያዘለችን ሴት መንገድ ላይ አቁሞ መርዶ የሚናገር የለም፤ ነውር ነው። እናቴ ይኼን ታውቃለች።

እኔ ደግሞ የያዝኩት ሌላ ነገር ነበር። መምህሩ ሳጥኑ የሩቁን ያሳያል ብለዋል። አምኛለሁ። ማስረጃም ነበረኝ። አንድ እሑድ ማዶ ላይ ወፍጮ ቆመ ተባለ፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። በሳምንቱ የኛ ወፍጮ ቺንጋው ተበጥሶ ቆመ። ከተማው ተደነቀ፣ እኔ ደነገጥኩ። ቺንጋው እንደሳሳ አያ ስማቸው አስቀድሞ ያውቅ እንደነበርና ለመምህሩ የነገራቸው እሱ እንደሆነ ያኔ አላሰብኩም። ማዶ ላይ የሆነ ነገር ይሆናል ብዬ ደመደምኩ።

ከጥምቀት በኋላ የወፍጮው ባለቤት አያ ስማቸውን ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ወሰደው፣ እዚያ ሌላ ወፍጮ ሊያስነሣ። አያ ቢተው የሚሆን ሰው ጠፋ። ሌላ ሰው ቢተኩ ሕዝቡ አይቀበልም። መምህር ፍሥሐ ሦስት ቀን አሰቡና ክፍል ውስጥ፣ እኔንና እቴ አስናቁን አቁመው ውሳኔያቸውን ነገሩን። አያ ቢተው ጭነት ይዞ ቆላ ይወርዳል። በዚያው በንዳድ ይሞታል። ለማዶ ሰዎች የምትነግረው ልጁ ናት። ወደ መስኮቱ ትቀርብና፣ «አባቴ በንዳድ ሞተ» ትላለች፣ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች፣ እቴ አስናቁ ታለቅሳለች።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለአገሩ አዲስ ናቸው፣ አባቴ የት እንዳለ አያውቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። የነገርኩት ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት ለልምምድ ስቆም አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ፣ ድምፅ አላወጣም። ድምፅሽን ምን በላው ይሉኛል። እሑድ ይወጣልኛል እላለሁ። አንድ ቀን ብቻ ደፈርኩና፣ ጋሼ፣ ሳጥኑ የሩቁን ነው አይደል የሚያሳየው ብዬ ጠየቅኳቸው። ደብተር እያረሙ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ አዎ፣ የሩቁን ነው አሉኝ።

ያን ሳምንት ወሬው ወጣ። እቴ አስናቁ ናት ያወጣችው። ማዶ ላይ የሰው ስልክ እንደምትለፍፈው ሁሉ ዳቦዋን እየሸጠች ለገበያው ሁሉ አያ ቢተው ሊሞት ነው ብላ ተናገረች። ይኼ ከሆነ በኋላ የሆነውን የሌላ አገር ሰው ያምናል ብዬ አልጠብቅም። እሑድ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ እንደ ለቅሶ ቤት መጡ። አንዳንዶቹ ለሐዘንተኛው ብለው ንፍሮ ቀቅለው በሰፌድ ይዘዋል። ሐዘንተኛው ማን እንደሆነ ግን አልታወቀም፣ ሳጥኑ አጠገብ አስቀመጡት። አንዷ፣ ለማናውቀው ሰው ይለቀሳል እንዴ ብላ ብትጠይቅ ጎረቤታችን ተቆጣቻት። «እንዴት አላውቀውም? በየሳምንቱ እሑድ አየው የለም? የገዛ ወንድሜን በዓመት አንዴ ነው የማየው» አለቻት። ያች ሴት ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

በአቡጀዲው ቀዳዳ አሾልኬ አየሁ። እናቴ የለችም። ሴቶቹ እየተንሾካሾኩ ወደ ቤታችን አቅጣጫ ይመለከታሉ። ያን ጊዜ የቢተውን ለቅሶ ብቻ ሊያለቅሱ እንዳልመጡ ልጅም ብሆን ጠረጠርኩ። ሰው እንባውን ይዞ ሲመጣ የሚያፈስበት አያጣም።

ሊጀመር ሲል እናቴ መጣች። እንስራዋን እንዳዘለች፣ ከምንጩ በቀጥታ። እሑድ ውሃ ይቀዳል ወይ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ነጠላዋን እንደ ወትሮው ነው የለበሰችው፣ ጥለቱ ታች ነው። ከሁሉም ፊት፣ ልጆቹ መካከል መጥታ ቆመች። እንስራውን አላወረደችም።

ቆርኪው ተጠመዘዘ፣ አቡጀዲው ተገፈፈ። ዳኛው ስለ አንድ በግ ፈረዱና ወደ ታች ቁጢጥ አሉ። እቴ አስናቁ ስልክ ሰማች፣ መስመሩ ተቋረጠ አለች፣ ከቆላ ነው አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሴቶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተራው የኔ ነው። አግዳሚው ላይ ወጣሁ። እናቴ ፊት ለፊቴ ናት።

«አባቴ» አልኩ።

ከእግሬ ሥር መምህሩ፣ ሞተ፣ ሞተ እያሉ ያንሾካሹኩልኛል። የረሳሁ መስሏቸዋል።

«አባቴ መጣ» አልኩ። ድምፄ ወጣ። «መጣ። ደክሞታል።»

እቴ አስናቁ ለለቅሶ የከፈተችውን አፍ አልዘጋችም። ዞራ አየችኝ፣ ከዚያ ባዶውን ቦታ አየች። ከዚያ እንደ ስልከኛነቷ፣ «በየት በኩል መጣ? በስልክ አልሰማሁም» አለች። ሰው ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ቆመ፤ ሁሉም አያ ቢተው ይታያል ብሎ መስኮቱን ያያል። የሚታይ የለም። እኔ የምለው አልቋል። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚደረግ አላሰብኩም ነበር። ከመንገድ የመጣ ሰው ምን ይደረግለታል ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ብቻ ታወሰኝ፤ እግሩ ይታጠባል። ውሃ ደግሞ የለም።

ይኼኔ እናቴ እንስራዋን አወረደች። በጣሳ ቀዳች። ወደ ሳጥኑ ቀረበችና እጇን በመስኮቱ አስገባች። ከውጭ ወደ ማዶ እጅ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። «እንኪ፣ እግሩን እጠቢው» አለችኝ። ያለችኝ በቤታችን ቋንቋ፣ በአውኛ ነው። ማዶ ውስጥ እስከዚያ ቀን ድረስ አማርኛ እንጂ አውኛ ተነግሮ አያውቅም፤ ከገጠር የመጡት ሰዎች እህ ሲሉ ሰማኋቸው።

ጣሳውን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ከመስኮቱ በታች ጨለም ያለ ነው። እግር ነበረ። የመምህሩ ነው፣ ባዶ እግራቸው፣ ጠመኔና አቧራ የጠጣ። ቁጢጥ እንዳሉ ያዩኛል። ምን ላድርግ ብዬ እግራቸውን ያዝኩና ውሃውን አፈሰስኩበት። መጀመሪያ ሊሰበስቡት አሉ። ከዚያ ተዉት። ተረከዛቸውን አሸሁ፣ ቤታችን አባቴን እንደማሸው፣ በጣቶቹ መካከል። ውጭ ያለው ሕዝብ ምንም አይታየውም፣ ውሃው ሲንጠባጠብ ብቻ ይሰማል። መምህሩ ቀስ ብለው እጃቸውን ዘርግተው ሻኩራውን አነሡና አንዴ አቃጨሉት።

«ቦራም መጥቷል!» አለ አንድ ሰው ከውጭ።

ቀና ስል ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዞሩ ነበር። ጥለቱ ወደ ታች ተመለሰ። ንፍሮውን ልጆች ተሻሙት። ጎረቤታችን ባዶ ሰፌዷን ይዛ፣ ይኼ መምህር መቼም አያምርበትም፣ ሰው አስለቅሶ ያስቀራል እያለች ሄደች።

እናቴ ስትሄድ መምህሩን አገኘቻቸው። እግራቸው ገና እርጥብ ነው። የነገረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በደንብ በማትችለው አማርኛ፤ ቢተውን አይግደሉብን አለቻቸው። ምክንያቱን ከእቴ አስናቁ ነው በኋላ የሰሙት። በማግስቱ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ እናኑ፣ ሳጥን እኮ ነው አሉኝ፣ እኔ የቀደድኩት የወፍጮ ሳጥን ነው፣ የሚያውቀው ነገር የለም። እሺ ጋሼ አልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጃቸውን ነው ያየሁት እንጂ ፊታቸውን አላየሁም።

ቢተውን ግን አልገደሉትም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አያ ቢተው ከመስኮቱ በታች ተኝቶ ያገግማል። እኔ ወደ ታች እያየሁ አነጋግረዋለሁ፣ አጥሚት እሰጠዋለሁ፣ ሻኩራው ይመልስልኛል። ከተማው ሰኞ ሰኞ፣ ቢተው እንዴት ዋለ ይባባላል። አንዲት ሴት ፌጦ ልካለታለች። እናቴም በየሳምንቱ መጣች። ማለዳ ምንጭ መውረዷን ግን አልተወችም።

አባቴ የመጣው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። ሻኩራ አልሰማሁም፤ ጆሮዬን የማቆመው ለሻኩራ ነበር። በቅሎዎቹ ቆላ ቀርተዋል። በዱላ እየተደገፈ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ እንደ ሌላ ሰው በር ላይ ቆመ። መንገድ ላይ ያገኙት ሰዎች ቤት ሳይደርስ የሳጥኑን ወሬ ነግረውታል። እናቴ ውሃ አሞቀች፣ እኔ እግሩን አጠብኩ። አጥንቱ ብቻ ነበር የቀረው። ሁለተኛውን እግሩን እያቀረበልኝ፣ «ያኛው ውሃ ሞቅ ያለ ነበር?» አለኝ።

ቀዝቃዛ ነበር አልኩት።

«ይኼኛው ይሻላል» አለ።

ክረምት ሲገባ ሳጥኑ ረጠበ፣ እንጨቱ ተጣመመ። መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። የወፍጮው ባለቤት ሳጥኑን መልሶ ወሰደና የዶሮ ቤት አደረገው፤ ዶሮዎቹ በመስኮቱ አንገታቸውን እያወጡ ሲያዩ ሰው ቆሞ ይስቅ ነበር።

አሁን ቤቴ ውስጥ እውነተኛው ቴሌቪዥን አለ። ልጆቼ ድራማ ያያሉ፣ እግርም ሁሉም ይታያል። ሰው ሊሞት ሲል ተነሥቼ ጓዳ እገባለሁ። ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። መምህሩ ያሉኝን አምኛለሁ፣ ሳጥን ነው፣ የሚያውቀው ነገር የለም። አባቴም የመጣው ስለሚመጣ ነው እንጂ እኔ መጣ ስላልኩ አይደለም።

ዛሬ በቆሎዬን አስፈጭቼ ስመለስ ትንሿ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። ጎህ ሲቀድ ሁለት ሽማግሎች መጥተው ነበር አለችኝ። ምን አሉ አልኳት። እናትሽ የት ናት አሉ፣ ወፍጮ ቤት ናት አልኳቸው፣ ነገ እንመጣለን ብለው ሄዱ አለችኝ። ሁለት ናቸው ወይስ ሦስት ብዬ ጠየቅኳት። ሁለት አለች። ለእድር መዋጮም ሊሆን ይችላል፣ ለማኅበርም ሊሆን ይችላል።

ዱቄቱን ለዶሮዎቹ በተንኩ። ጎተራ ውስጥ ገና አንድ ሁለት ቁና በቆሎ አለ፣ ነገም ማለዳ እወጣለሁ። ለልጄ የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድምሽ እኔ በሌለሁበት ከመጣ ውሃው ማንቆርቆሪያው ውስጥ አለ፣ ሞቅ አድርጊለት አልኳት።